ቁስል የሌላቸው ቁስለኞች

በሐንዳር መንግሥት ረመጤዎች ድል በተመቱ በዘጠነኛው ዓመት፣ የድሉ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በመናገሻው በሰንበላ አደባባይ ሕዝብ ሁሉ እያየ ክፉ ምልክት ታየ።

አርባ መለከተኞች እንደ ወጉ ወደ ዙፋኑ ዞረው መለከታቸውን አነሡ። እሳት ተንፋሾቹን አውሬዎች፣ ረመጤዎችን ሊወጋ የዘመተውን ሠራዊት ከፊት ሆነው እየነፉ የመሩት እነዚሁ አርባዎቹ ነበሩ። ጉንጫቸውን ሞልተው ሲነፉ ግን ድምፅ አልወጣም፤ ከመለከቶቹ አፍ የወጣው ግራጫ አመድ ነበር። አመዱ በመኳንንቱ ነጫጭ ካባ ላይ በነነ። ሦስት መለከተኞች በአፍጢማቸው ተደፉ፤ ሁለቱ ዳግመኛ አልተነሡም። ሕዝቡም «እርግማን ነው! እርግማን ነው!» እያለ በየአቅጣጫው ተበተነ።

ሦስተኛው ጎራድ የሚባል ሰው ነበር። ልጁ ናሪት ሰዉን በክርኗ እየገፋች ደረሰችና ደግፋ አነሣችው። የሃያ ዓመት ወጣት ናት፤ በጋሻ ቤት ስብራት የምታስርና የቁስለኞችን ጨርቅ የምታጥብ ወጌሻ። አባቷ አራት ዓመት ሙሉ ሲስል ሰምታለች፤ አክታው እየጠቆረ መሄዱንም አይታለች። ነገሩ እርግማን እንዳልሆነ ታውቃለች።

«ተነሥ አባዬ፤ ጋሻ ቤት እንሂድ።»

«እኔን አያስገቡኝም» አላት ጎራድ እያቃሰተ። እውነቱን ነበር።

ጋሻ ቤትን የሠሩት የንጉሡ አያት ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ከጦርነት አካሉ ጎድሎ የተመለሰ ወታደር ዕጣው ልመና ነበር። አያትዬው ንጉሥ አንድ ቀን ከአደን ሲመለሱ የገዛ ጋሻ ጃግሬያቸውን በመንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ አገኙትና አፈሩ፤ ከበቅሏቸው ወርደውም ማሉ፦ «በሰንደቄ ሥር የቆሰለ፣ ቁስሉንም ያሳየ፣ እስኪሞት ድረስ ድርጎ፣ ጣራና ሐኪም አይከልከል።» ልጃቸው በነገሡ ጊዜ ደግሞ ለሟች ሚስት ድርጎ እንዲሰጥ ጨመሩበት። ሕጉ ብዙ ሰው አኑሯል። ችግሩ «ቁስሉንም ያሳየ» የምትለው ቃል ነበረች። ከረመጤዎች ጦርነት የተመለሱት የአብዛኞቹ ገላ ጭረት የለበትም፤ የታመመው ሳንባቸው ነው።

የጋሻ ቤት ዋና ሐኪም ኤርዛም በሩ ላይ ቆመው ጎራድን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መረመሩት። ክፉ ሰው አልነበሩም። በእጃቸው ስንት የተሰበረ ቆሟል።

«ቁስሉ የት ነው?» አሉ።

«ከውስጥ ነው፣ ጌታዬ፤ የረመጤዎቹ አመድ ነው። ሲስል ይስሙት እንጂ!» አለች ናሪት።

«ገበሬም ይስላል፣ ነጋዴም ይስላል። የምድጃ አመድ ሰው ሲገድል አላየሁም። ዛሬ ለአባትሽ በሩን ብከፍት ነገ የአገሩ ሳል ሁሉ ደጄ ይቆማል። ያን ጊዜ እግር የሌለው ሰው የት ይተኛ?»

ናሪት አባቷን ጎረቤት ዘንድ አስተኝታ በማግሥቱ ወደ ችሎት ሄደች፤ ከዙፋኑ ደረጃ ሥርም ተንበርክካ ጮኸች።

«አቤት! ንጉሥ ሆይ፣ አቤት!»

ንጉሥ አርማዝ እጃቸውን አነሡ፤ ችሎቱ ጸጥ አለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሠራዊትዎ ወደ አመዱ ሲገባ ሁሉም አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ብዙው ታመመ። መለከተኛ ግን አፉን መሸፈን አይችልም፤ ይነፋልና። አባቴ ስምዎን እየነፋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያን አመድ ሳበ። ዛሬ ደጅዎ ላይ ቁስልህን አሳይ ይሉታል። ቁስሉን ለማሳየት ደረቱን ይቅደድ?»

ኤርዛምም ቀርበው ትናንት ያሉትን ደገሙ፤ ስለ አልጋውም ጥበት ተናገሩ። ንጉሡ ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ።

«ሕግ በማስረጃ እንጂ በእንባ አይለወጥም» አሉ። «ታላቁ ረመጤ በአመድ ሸለቆ እንደ ወደቀ አለ። የጉሮሮው አመድ ሰማያዊ ፍም አለበት ይባላል፤ ከሌላ አመድ የሚለየውም ይህ ነው። ያ አመድ ይምጣልንና በፊታችን ይፈተን። የዙፋን ምስክርም አብሮ ይሂድ። በአርባ ቀን ውስጥ ማስረጃ ካልቀረበ ግን፣ የሚስሉት ሁሉ አስመሳዮች ተብለው ይታወጅባቸዋል።»

«በአባቴ ትንፋሽ እምላለሁ» አለች ናሪት። «ማስረጃውን ሳልይዝ አልመለስም።»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ግራ እጁ የተቆረጠ ሽማግሌ ወጣ። ሻለቃ ጉልማር ነበሩ፤ ከጋሻ ቤት ድርጎ ከሚበሉት አንዱ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ይህን ጉርድ ክንድ ሳሳይ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። እጄ በተቆረጠ ዕለት በጀርባው ተሸክሞ ያወጣኝ ጎራድ ግን ከደጅ ቀረ። ከትናንት ጀምሮ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ከልጅቱ ጋር ልሂድ።»

ለምስክርነት የተመረጠው ሶፎን ነበር፤ የሃያ አምስት ዓመት የቤተ መንግሥት ጸሐፊ፣ ጦርነትን በብራና ላይ እንጂ በዓይኑ ያላየ። ኋላ አመዱ ጎዳው የሚል ነገር እንዳይመጣ ኤርዛም ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጥፈው አደመጡና «ጤነኛ ደረት ነው» ብለው በማኅተም አጻፉ። ሦስቱም በዚያው ቀን ወጡ።

መንገዱ አሥራ አራት ቀን ፈጀ። በዘጠነኛው ቀን የጨው ሜዳ ላይ የድንጋይ ጅቦች ከበቧቸው፤ ቆዳቸው ድንጋይ፣ ዓይናቸው ቀይ ፍም። ሶፎን ሊሮጥ ሲል ሻለቃው ካባውን ጨምድደው ያዙት።

«ረጋ በል። ከሮጥክ ሥጋ ነህ፤ ከተራመድክ መንገደኛ ነህ።»

ጅቦቹ ግማሽ ቀን ሙሉ እያሸተቱ ተከተሏቸውና ሰልችቷቸው ተመለሱ። ሶፎን ላቡን ጠርጎ ሲያበቃ ሻለቃውን ጠየቀ።

«እውነቱን ይንገሩኝ፤ አመዱ ይገድላል?»

«ከእኔ ጭፍራ መቶ ሃያ ሰው በእግሩ ተመልሷል። ዛሬ ሠላሳ አንድ ነን።»

«እኔ የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው።»

«ደግ ነው» አሉ ጉልማር። «እንግዲያው ዓይንህን ግለጥ።»

የአመድ ሸለቆ ዛፍ የለውም፣ ወፍም አይዞርበትም። ታላቁ ረመጤ እንደ ኮረብታ ተጋድሞ ነበር፤ አፉ እንደ ዋሻ ተከፍቶ። ዘጠኝ ዓመት ሞቷል ቢባልም አመዱ ሲረግጡት ይሞቃል። ሦስቱም በውኃ የራሰ ጨርቅ ፊታቸው ላይ ጠቀለሉ። ናሪት ባዶ ቀንድ ይዛ በጥርሶቹ መካከል በሆዷ እየተሳበች ገባች። ጨለማው ውስጥ ሰማያዊውን ፍም አየች፤ በቀንዱም ዝቃ በሰም ደፈነችው። ያን ጊዜ ከበታቿ ያለው ምላስ ተንቀሳቀሰ።

አውሬው አልሞተም ነበር። ተኝቶ ነበር።

መንጋጋው ሲወርድ ሻለቃ ጉልማር ደረሱ። ጋሻቸውን በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል አቁመው በአንድ እጃቸውና በትከሻቸው ደገፉት። ናሪት በብብታቸው ሥር ሾልካ ወጣች። ጋሻው ግን ይጎብጥ ጀመር። ናሪትም ልታወጣቸው ቀንዱን ጥላ በሁለት እጇ ወገባቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ! እኔ ጋሻውን ከለቀቅሁ ሁለታችንም እዚህ እንቀራለን!»

«አልለቅም፣ ሻለቃ!»

ጉልማር እግራቸውን አንሥተው ደረቷ ላይ መቷት፤ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ወደቀች። መንጋጋው ገጠመ። ጋሻው በአውሬው ጉሮሮ ተሰንቅሮ የውስጡን እሳት አፈነው፤ ታላቁ ረመጤ ሸለቆውን ሦስት ጊዜ አንቀጥቅጦ አሁን በእውነት ሞተ። ምድር ስትሰነጠቅ ናሪት የጣለችው ቀንድ እየተንከባለለ ገደሉ ውስጥ ገባ።

ናሪት በተዘጋው አፍ ፊት ተቀምጣ ጥርሶቹን በድንጋይ ትመታ ነበር። ሶፎን ክንዷን ይዞ አስነሣት፤ ከሸለቆው አፋፍም አወጣት።

«ቀንዱ ሄደ። ሻለቃውም ሄዱ። ምን ይዤ ልመለስ?» አለች።

ሶፎን ወደ ሸለቆው ዞረ። ከዚያ የፊቱን ጨርቅ ይፈታ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ከመሬት አመድ አፍሰን ብንወስድ ኤርዛም የምድጃ ነው ይላሉ። ደረቴ ጤነኛ መሆኑን ግን ራሳቸው በማኅተም አጽፈዋል። እዚያ ውስጥ ሦስት ቀን ፊቴን ሳልሸፍን ብቀመጥ፣ ማስረጃውን በሁለት እግሬ ይዤው እሄዳለሁ።»

«አብደሃል? ትሞታለህ!» እስከዚያች ሰዓት ድረስ በአንቱታ ነበር የምትጠራው።

«አባትሽ ሲገቡ ማንም አልከለከላቸውም» አላት። «ሻለቃው መቶ ሃያ ተመልሰው ሠላሳ አንድ ቀሩ ሲሉኝ አላመንኳቸውም። ሰውየው አሁን የሉም። ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝና ጨርቁን መልሼ አስራለሁ።»

ሌላ መንገድ አልነበራትም። ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ ግን መልሳ ሰበሰበችው። ለዚህም ኋላ ብዙ ዓመት ራሷን ወቅሳለች። አፋፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። በመጀመሪያው ቀን ሲያንጎራጉር ሰማችው። በሁለተኛው ቀን ሳሉ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ሲጠፋ ፊቷን ሸፍና ወረደችና ተሸክማ አወጣችው።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ሰንበላ ገቡ። ከከተማው በር ላይ አንዲት የጋሻ ቤት አጣቢ ናሪትን አይታ አለቀሰች። ጎራድ ከዘጠኝ ቀን በፊት ሞቷል፤ ጎረቤቶቹ ቢያስገቡልን ብለው ጋሻ ቤት ወስደውት ከደጁ ደረጃ ላይ እንዳለ። ናሪት «የት ተቀበረ?» ብላ ጠየቀች። ከተነገራት በኋላ የሶፎንን ክንድ እንደ ያዘች ወደ ችሎት ቀጠለች።

«አመዱ የታለ?» አሉ ንጉሥ አርማዝ።

«እዚህ ነው» አለ ሶፎን፣ ደረቱን እየነካ። የሆነውንም ሁሉ በተቆራረጠ ድምፅ ተናገረ። ሲጨርስ ሳሉ አጎበጠው፤ በነጭ መሐረብ ላይ የተፋውን ናሪት ዘርግታ አሳየች። ጥቁር ነበር።

ኤርዛም ማንም ሳያዛቸው ቀረቡ። ሸሚዙን አስወልቀው ገላውን ፊትና ኋላ አዩ፤ ጭረት አልነበረም። ከዚያ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉ። እንደዚያ ሆነው በጣም ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ገርጥቷል።

«ይህ እኔ ያደመጥኩት ደረት አይደለም» አሉ። «ገላው ላይ ምንም የለም፤ ሰውየው ግን ቁስለኛ ነው። ንጉሥ ሆይ፣ ተሳስቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ከበር የመለስኳቸው ሁሉ በእኔ ላይ ናቸው። ሹመቴን ይውሰዱት፤ ሥራዬን ግን አይውሰዱብኝ፤ ላክማቸው።»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። የአያታቸው ቃል የተጻፈበትን ብራና አስመጥተው በገዛ እጃቸው አረሙት፦ «በሰንደቄ ሥር የቆሰለ፣ ቁስሉ ቢታይም ባይታይም።» አልጋ እንዳይጠብም የግብር አዳራሻቸውን ለታማሚዎች ለቀቁ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ አዳራሽ ግብር አልተበላም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መቶ ስልሳ ሰው ገባ። ኤርዛም በቅጠል እንፋሎት ትንፋሽ የሚያቀልል መድኃኒት አገኙ፤ የሚያድን ግን አላገኙም።

ከወር በኋላ ናሪትና ሶፎን ወደ ሻለቃ ጉልማር መንደር ወረዱ። ሚስታቸውን እመት ሶርዳን የፈረሰ አጥር ሲያጥሩ አገኟቸው። ናሪት የባላቸውን አሟሟት ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻቸው። አሮጊቷ የያዙትን እንጨት መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ቶሎ ሞተ?»

«ቶሎ፣ እማማ።»

«እርሱ መዘግየት አይወድም ነበር» አሉና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ። እስኪያበቁ ሁለቱም ጠበቁ።

«ለእርስዎ ድርጎ ተቆርጦልዎታል» አለ ሶፎን፣ ብራናውን እያወጣ። «ሕጉ ያዛል።»

«እቀበላለሁ። ግን አዋጁን እኛም ሰምተናል፤ ነጋሪቱ እስከዚህ ተጎስሟል። ከወንዙ ማዶ ሦስት ወታደሮች አሉ፤ ከመኝታቸው መነሣት አይችሉም። ሰንበላ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሕጋችሁ ማን ያደርሳቸዋል ይላል?»

ሶፎን ብራናውን ዘርግቶ አየው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ጠቀለለውና መልሶ ከተተው።

«ቃሬዛ አለ?» አለች ናሪት።

«ቃሬዛ የለም» አሉ እመት ሶርዳ፤ ዞረውም ቤታቸውን አዩ። «በር ግን አለ።»

ሦስቱም በሩን ከመቃኑ ነቅለው ተሸከሙትና ወደ ወንዙ ወረዱ። ሶፎን በየሃያ እርምጃው እየቆመ ይስላል፤ ሁለቱ ሴቶች ሳሉ እስኪያልፍ ይጠብቁታል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ።