ታስሬ ነበር፣ ተፈታሁ

ጤዛው ገና አልረገፈም። ፎቶ አንሺዋ በጽጌረዳው አትክልት ስፍራ፣ እርጥብ ሣር ላይ በደረቷ ተኝታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከአንዲት ቢጫ ጽጌረዳ ጋር ተፋጥጣለች። አበባዋ ትረጋና፣ ልታነሣት ስትል ነፋስ መጥቶ ያወዛውዛታል። በዚህ መሃል ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች።

«እህቴ! ምን ሆነሽ ነው? ሰው ልጥራ?»

«ዝም በል!» አለች ዞር ሳትል። «ነፋሱ ነው ያስቸገረኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ከልልልኝ።»

ሰውየው አላንገራገረም። በነፋሱ በኩል ዞረና ኮቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ተገተረ። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ብታየው ሳቋ አመለጣት። ፎቶው ተበላሸ። እሱ ግን ኮቱን አላጠፈም።

«ጨረስሽ?»

«ኧረ ገና አልጀመርኩም!»

መነጽር ሠሪ ነበር። እህቱ ልታገባ ነውና ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሡበትን ቦታ ሊያይ መምጣቱን ነገራት።

«ፎቶ አንሺ ትፈልጋለህ በለኛ» አለች፣ የሣር ብጥስጣሽ ከቀሚሷ ላይ እያራገፈች።

«እፈልግ ነበር» አለና ትኩር ብሎ አያት። ዓይኗን ቶሎ የሰበረችው እሷ ነበረች።

እህቱም ለሠርጓ ቀጠረቻት። ከዚያ በኋላ «ስለ ሠርጉ ልንነጋገር» እያለ የምትሠራበትን ፎቶ ቤት ደጅ መጥናት ሆነ ሥራው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቷ ናት። «አንድ ሠርግ ይህን ያህል ምክር ይፈጃል እንዴ?» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ አትክልት ስፍራው አብረው ይሄዳሉ። እሷ አበባ ታነሣለች፤ እሱ ነፋስ ይከልላል። እንቡጡን ትታ ጨርሶ የፈነዳውን፣ ጫፉ ጠውለግ ያለውን ጽጌረዳ ስታነሣ አይቶ ለምን እንደሆነ ጠየቃት።

«እንቡጡን ሁሉም ሰው ያየዋል» አለች።

ሳትደባብቅም ነገረችው። አግብታ ነበር። ባሏ «ሚስቴ የሰው ሠርግ ስታሳድድ አትውልም» ብሎ ካሜራዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። አንድ ቀን ቁልፉን ሰብራ፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ሌላ ነገር አልያዘችም።

የዘረጋውን ኮት አጠፈ። «ካሜራውን ይዘሽ መውጣትሽ ጥሩ ነው» አለ። ይህችን ብቻ። እሷ ግን ቤቷ ገብታ እስክትተኛ ድረስ ይህችኑ ቃል ስታላምጥ አመሸች።

የሠርጉ ቀን አትክልት ስፍራው በሰው ተጥለቀለቀ። የመነጽር ሠሪው እናት ለብዙ ዘመን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ በሩቁ ሲያያቸው ሸሚዙን የሚያስተካክልላቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ በጀርባቸው «እትዬ ደወል» ይላቸዋል። ፎቶ አንሺዋ ሙሽሮቹን በአንድ ቀይ ጽጌረዳ ሥር አቁማ ልታነሣ ስትል፣ አንዲት አክስት ጠጋ ብላ በእትዬ ደወል ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለች።

እትዬ ደወል ሁለቴ አጨበጨቡ። ሙሽራው ሳይቀር ደርቆ ቀረ።

«አንቺ ልጅ፣ ፈት ነሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«እና ፈት ሆነሽ ነው የልጄን ሙሽርነት የምታነሺው? መጥፎ ገድሽን ልታጋቢባት ነው? ሌላ ፎቶ አንሺ ይጠራ!»

ፎቶ አንሺዋ መነጽር ሠሪውን አየችው። ከእናቱ ጎን ቆሟል። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ፊቷን ወደ እናቱ መለሰች። ድምጿ አልተሰበረም።

«አዎ፣ ፈት ነኝ። ታስሬ ነበር፣ ተፈታሁ። ለታሰረ ሰው መፈታት ምርቃት ነው እንጂ እርግማን አይደለም። ደግሞ የቀጠረችኝ ሙሽራዋ ናት። እሷ ሂጂ ካለችኝ አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

ሁሉም ወደ ሙሽራዋ ዞረ። 

«አንሺኝ» አለች። «እማዬ፣ አንቺም ዘወር በይልኝ፤ ጥላሽ ፊቴ ላይ አረፈ።»

ቀኑን ሙሉ አነሣች። ሙሽሮቹን፣ ሚዜዎቹን፣ ያቺን ሹክ ባይ አክስት ሳትቀር። እሱን ግን ዳግመኛ ዞራ አላየችውም።

በማግሥቱ ፎቶ ቤቱ እንደተከፈተ መጣ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ስታጨበጭብ ምላሴ ይታሰራል።»

«እናትህ ለተናገሩት መልሻለሁ» አለች፣ የካሜራዋን መስታወት እየወለወለች። «ላንተ ዝምታ ግን ምን ብዬ ልመልስ?»

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

«እዚህ ይቅርታ ብትለኝ ማን ይሰማሃል? እኔና ግድግዳው። ያፈርክብኝ ሰው ፊት ነው።»

ከንፈሩን ነክሶ ወጣ። እህቷ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ «አበዛሽበት» አለቻት። «አላበዛሁም» አለች፤ እንባዋ ግን መስታወቱ ላይ ጠብ ብሎ እንደገና ወለወለችው።

ሳምንታት አለፉ። አልበሙ ሲደርስ ሙሽራዋ ደወለችና፣ እሑድ ዘመድ ሁሉ እናቷ ቤት ምሳ ስለሚበላ ራሷ ይዛው እንድትመጣ ለመነቻት።

«ሌላ ሰው እንላክ» አለች የፎቶ አንሺዋ እህት። «እሳት ውስጥ ነው የምትገቢው።»

«የሠራሁትን ሥራ እንደ ሌባ በሰው እጅ አልልክም።»

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ገና ከበሩ ስትገባ እትዬ ደወል ሳይነሡ «እዚያው በሩ ጋ አስቀምጪው» አሏት። እሷ ግን በሰው መሃል እየተሽሎከለከች አልፋ አልበሙን ሙሽራዋ እጅ ላይ አኖረች። ልትወጣ ስትዞር መነጽር ሠሪው ተነሣ።

«አንድ ነገር ልናገር።»

«ቁጭ በል!» አሉ እናቱ።

ከልማዱ የተነሣ ጉልበቱ እጥፍ አለ። ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ከዚያ እንደገና ቀጥ አለ።

«አልቀመጥም፣ እማዬ። በሠርጉ ቀን ይህች ልጅ ስትሰደብ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ አፍሬባት አይደለም። ማፈር ካለብኝ በራሴ ነው። እወዳታለሁ። ከፈቀደች ላገባት እፈልጋለሁ። ገና አልጠየቅኋትም፤ እነሆ አሁን በሁላችሁም ፊት እየጠየቅኋት ነው።»

«እኔ ከሞትኩ በኋላ!» አሉ እትዬ ደወል።

«ዕድሜሽ ይርዘም፣ እማዬ። እኛ ግን አንጠብቅም።»

አንድ አጎት ሳቅ አፈነው፤ ሳል አስመስሎ አለፈው። የሰው ዓይን ሁሉ ፎቶ አንሺዋ ላይ ተተከለ። እሱን ላብ አጥምቆታል፤ ዓይኑ ግን ዛሬ ጫማው ላይ አልነበረም።

«አስብበታለሁ» አለችው። «ስታስብ የከረምከው አንተ ነህ፤ አሁን ተራው የኔ ነው።»

ደጅ እስክትወጣ ድረስ ቀጥ ብላ ተራመደች። ከአጥሩ ጥግ ስትታጠፍ ግን ግንቡን ተደግፋ ብቻዋን ሳቀች።

ብዙም አላስጠበቀችው። አንድ ጠዋት አትክልት ስፍራው ድረስ ጠርታው፣ ጽጌረዳዎቹ መሃል እጁን ያዘችና «አስቤ ጨረስኩ» አለችው።

ሠርጋቸው ሲቃረብ አክስቲቱ መልእክት ላከች፦ ነጭ ለፈት ነውር ነው፣ ሌላ ቀለም ትልበስ። ፎቶ አንሺዋ ሰማያዊ ልትለብስ አሰፍታ ነበር። መልእክቱን እንደሰማች ወደ ልብስ ሰፊዋ ሮጠች። በሠርጓ ቀን የለበሰችው ዓይን የሚያጥበረብር፣ እስከ መሬት የሚጎተት ነጭ ነበር።

ፎቶ አንሺ አልቀጠረችም። ካሜራዋን በነጩ ቀሚስ ላይ አንጠልጥላ፣ ጽጌረዳዎቹ መሃል እህቷን፣ አማቾቿን፣ ባሏን ራሷ ታነሣ ነበር። ሰው ድንገት ጸጥ ሲል ቀና አለች። እትዬ ደወል የአትክልት ስፍራው መግቢያ ላይ ቆመዋል።

ወደ እሳቸው ሄደች። ባሏ ሊከተላት ሲል በእጇ ከለከለችው።

«አልመረቅሁም» አሉ አሮጊቷ። «ልጄን ላየው ነው የመጣሁት።»

«ይዩት። ጸሐይ ላይ አይቁሙ እንጂ፣ ይግቡ።»

«ሐሳቤን የቀየርኩ እንዳይመስልሽ።»

«እኔም አልቀየርኩም፣ እትዬ።»

ለአፍታ ተፋጠጡ። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን አነሣች።

«እንዳታነሺኝ!» አሉ እትዬ ደወል፤ እጃቸው ግን ሻሻቸውን ያስተካክል ነበር።

አነሣቻቸው።

 አሮጊቷ ወደ ልጃቸው አየት፣ መልሰው ወደ እሷ አየት አደረጉ።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አሉ። «ድገሚው።»