ሦስት ስሞች ለዋርሳ ወንበር

የዘምራን መንግሥት ሰባቱ ግዛቶች በሰባት ገዢዎች በሚተዳደሩበት በዚያ ዘመን፣ በዋርሳ ግዛት አደባባይ ዳኛ ሊሾም ሕዝብ በተሰበሰበበት ቀን ሰማዩ በቀትር ጨለመ። ዳመና አልነበረም። ፀሐይን የጋረደው ክንፍ ነበር።

የዘምራን ሕግ አጭርና ግልጽ ነው። የዳኛ ወንበር ሲጓደል ዘጠኙ ሽማግሌዎች መክረው ሦስት ስሞች ለገዢው ይልካሉ። ገዢው ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል፤ የፍርዱንም በትር በገዛ እጁ አንሥቶ ለተመረጠው ያስረክባል። አራተኛ ስም መጨመር አይችልም። የያኔው የዋርሳ ገዢ ግን ሦስቱን ስሞች ቢያነብ አንዳቸውም አልጣሙትም። የሚስቱን ወንድም አራተኛ አድርጎ በመዝገቡ አስጻፈና እርሱን ሊሾም ቆመ። ይህ ሰው ስለ ሕግ የሚያውቀው ነገር ቢኖር መጣሱን ብቻ ነበር።

በትሯ ወደዚያ ሰው እጅ ልትደርስ አንድ ስንዝር ሲቀራት፣ ላባዋ ነሐስ የሆነው ኩርንባ ከላይ ወርዳ ነጠቀቻት። ኩርንባ በጥንት ዘመን ለሰባቱ ግዛቶች የፍርድ በትር ያደለች፣ በሰው ቋንቋ የምትናገር ወፍ ናት። «የሰጠሁትን ወሰድሁ!» ብላ ጮኸችና ወደ ጥላሞ ተራራ ከነፈች። ገዢው ተሻረ። ዋርሳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ያለ ዳኛ ኖረች።

ሰባቱን ዓመታት በጣታቸው እየቆጠሩ ካደጉት መካከል ናርዳ አንዷ ናት። አባቷ አያልሰው ከቀርከሃ ቅርጫትና አልጋ የሚሠራ ሰው ነበር። በትሯ ከተነጠቀች ወር ሳይሞላ የግዛቱ ጎተራ ተቃጠለ፤ አያልሰው ተጠርጥሮ ታሰረ። ጎተራው በነደደበት ቀን እርሱ ከወንዙ ማዶ ቀርከሃ ሲቆርጥ ነበር፤ ይህን ያየችው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጁ ብቻ ናት። ምስክር አለ፣ ቃል አለ፤ ቃሉን የሚሰማ ወንበር ግን ባዶ ነው።

ናርዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት በአዲሱ ገዢ በጸዳሉ ፊት ቀረበች።

«ክቡር ገዢ፣ አባቴን ፍቱልኝ አልልም። የሚሰማው ዳኛ ይሹሙልኝ ነው የምለው።»

ጸዳሉ ደግ ሰው ነበርና አንገቱን ደፋ። «ልጄ፣ ዛሬ ያለ ዳኛ ብፈታው፣ ነገ ሌላውን ያለ ዳኛ ማሰር ይቀለኛል። ሦስቱ ስሞች በእጄ ናቸው። በትሯ ግን የለችም። ወታደሮቼን ወደ ጥላሞ ሁለት ጊዜ ላክሁ፤ በመንገዱ ያለውን አቤት ገደልን ማለፍ አልሆነላቸውም።»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ።»

በአዳራሹ ሳቅ ሆነ። ያልሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የነበሩት አባ ወንድይራድ። ከሦስቱ ስሞች አንዱ የእርሳቸው ነው፤ ገዢው የሚመርጠውም እርሳቸውን እንደሆነ ዋርሳ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው መዝገባቸውን በብብታቸው እንደያዙ ተነሡ።

«በዋርሳ ሰባት ምንጮች እምላለሁ! ይህች ልጅ በትሯን ሳትመልስ እኔም ደጄን አልረግጥም» አሉ።

ናርዳ በልቧ፣ ጉልበታቸው እንኳን ተራራ የአዳራሹን ደረጃ መውጣቱንም እንጃ አለች። ቢሆንም ደስ አላት። ብቻዋን እንደማትሄድ ያወቀችው ያኔ ነው።

በዘጠነኛው ቀን አቤት ገደል ደረሱ። በዋርሳ ሰሚ ያጣ አቤቱታ ሁሉ ነፋስ ሆኖ እዚያ ይከማቻል። መንገዱ ከአንድ ሰው እርምጃ የማይሰፋ፣ ግራና ቀኙ ጥልቅ ነው፤ ከጥልቁ ሺህ ድምፅ ባንድ ጊዜ «አቤት! አቤት!» እያለ ይነሣል። ወታደሮቹ ጆሯቸውን በሰም ደፍነው ሊያልፉ ሞክረው ነበር። ነፋሱ በዚህ ይብስ ተቆጥቶ እያንከባለለ መለሳቸው።

አባ ወንድይራድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ መዝገባቸውን ገለጡ፤ ብዕራቸውን ቀለም አስነኩ።

«አንድ በአንድ!» ብለው ገደሉን ገሠጹት፣ የችሎት ቀን ባለጉዳይ እንደሚገሥጹት። «የሁላችሁም ቃል ይሰማል። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ አገር፣ ከዚያ በደል!»

ነፋሱ ግራ ገባው። ቀስ በቀስም ተራ ያዘ።

«ዘለቀች እባላለሁ፤ ከላይ ዋርሳ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። «ላሜን ጎረቤቴ ነድቶ ወሰደብኝ።» ሽማግሌው ጻፉ። ቃሉ እንደተጻፈ ያ ድምፅ ዝም አለ፤ መንገዱም በአንድ ክንድ ሰፋ። ሦስት ቀን ጻፉ። ቀለም ሲያልቅ ናርዳ ጥላሸት ከግራር ሙጫ ጋር በጠበጠች፤ ጣታቸው ሲደነዝዝ በመዳፎቿ መካከል ይዛ አሞቀችላቸው። በሦስተኛው ቀን ከድምፆቹ አንዱን ናርዳ አወቀችው።

«አያልሰው እባላለሁ። ጎተራ አላቃጠልሁም። ልጄ ታውቃለች።»

ናርዳ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ሽማግሌው ግን ብዕራቸውን አላነሡም፤ እንዲያውም ያን ቃል ከሁሉ አጥርተው ጻፉት።

በጥላሞ ጫፍ ኩርንባን በትሯን በጥፍሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣ አገኟት። ዓይኗ የጋለ ፍም ይመስላል።

«ለማን ብለሽ መጣሽ?»

ናርዳ ስለ ሀገርና ስለ ፍትሕ የሚያምር ንግግር አዘጋጅታ ነበር። አፏ አልታዘዛትም። «ለሀገር ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ለአባቴ ነው» አለች።

ወፏ ክንፏን አጥፋ ዝቅ አለች። «በሰባት ዓመት የሰማሁት የመጀመሪያ እውነት ነው። ውሰጃት። ሕጉን ግን ስሚ። ዳኛ ለማንም ውለታ አይኖርበትም። ስለዚህ በትሯን አንሥቶ ለወንበሩ የመለሰ ሰው፣ በዚያ ወንበር ፊት ቃሉ አይሰማም። ከገዢው እጅ ሳይቀበል የነካትም ከቶ ዳኛ አይሆንም።»

የናርዳ እጅ በአየር ላይ ቀረ። በትሯን ካነሣች ዋርሳ ዳኛ ታገኛለች፤ አያልሰው ግን ምስክር ያጣል። ካላነሣች ማንም ምንም አያገኝም። በገደሉ የሰማቻቸው ድምፆች አንድ በአንድ ትዝ አሏት፤ ባለላሚቱ ዘለቀች፣ ሌሎቹም። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» ብላ እጇን ዘረጋች።

የአባ ወንድይራድ እጅ ቀደማት። በትሯን ጨብጠው ሲያነሡ የበትሯ ነሐስ አቃጨለ፤ የመዳፋቸው ቆዳም ለዘላለሙ የነሐስ ቀለም ያዘ።

«ምን አደረጉ!» ብላ ናርዳ ጮኸች። «ዳኛ የሚሆኑት እርስዎ ነበሩ እኮ!»

ሽማግሌው ለማረፍ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚያን ወንበር አቧራ በየማለዳው ስጠርግ ተመኝቼዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን አራተኛውን ስም በመዝገብ የጻፈች እጅ ይህችው ናት። ሕጉን በቃሌ አውቃለሁ፤ ብዕሬን ማስቀመጥ እችል ነበር። ፈራሁና ጻፍሁ።»

«ይህንንም የበትሯን ሕግ ያውቁ ነበር?»

«ከቤቴ ስወጣ አውቄ ነው የወጣሁት። በይ ተነሽ፤ አባትሽ ይጠብቃል።»

በአደባባዩ በትሯን ከገዢው ፊት በድንጋይ ላይ አኖሯት። ጸዳሉ የሽማግሌውን መዳፍ አይቶ ሁሉንም ተረዳ። «የመረጥሁት እርስዎን ነበር» አላቸው። ዘጠኙ ሽማግሌዎች የጎደለውን ስም ተክተው እንደገና ሦስት አሟሉ። ጸዳሉም ከሦስቱ ወይዘሮ ትብለጥን መረጠ፤ በመስኖ ውኃ ጠብ አስታራቂ ሆነው ሳሉ የገዢውን ቦይ ሳይቀር ያስዘጉ ሴት ናቸው። በትሯን አንሥቶ በእጃቸው ሰጠ።

«ሾምሁዎት እንጂ አላዘዝሁዎትም። ነገ እኔ ብከሰስ ይፍረዱብኝ።»

«እፈርዳለሁ» አሉ ወይዘሮ ትብለጥ፣ ሳያመነቱ። ሕዝቡ እልል አለ።

አባ ወንድይራድ ወንበሩን እንደ ልማዳቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸውና ወደ ጸሐፊ በርጩማቸው ተመለሱ። የመጀመሪያው ጉዳይ የአያልሰው ነበር። ጸጉሩ የሸበተው እስረኛ ልጁን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። ዳኛይቱ በዋርሳ ችሎት ምስክር ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቁ።

«ቃልሽን ከመስጠትሽ በፊት፣ በዚህ አደባባይ ለማን ውለታ አለብሽ?»

«ለእርስዎ የለብኝም፣ ክብርት ዳኛ። ለገዢውም የለብኝም» አለች ናርዳ። ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ለአባ ወንድይራድ ግን አለብኝ። እዚህ ቆሜ መናገር የቻልሁት እርሳቸው ወንበራቸውን ስለተዉልኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ባመሰግናቸው አልጨርሰውም።»

ብዕሩ ቆመ። ሽማግሌው ቀና አላሉም።

«ጸሐፊ፣ የተባለውን ይጻፉ እንጂ» አሉ ዳኛይቱ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ጻፉት። ነሐስ በለበሰው እጃቸው፣ ቃል ሳያስቀሩ ጻፉት፤ አንድ ጠብታም በቀለሙ ላይ ወድቆ ፊደሉን አደበዘዘው። ከዚያ ናርዳ ስለ ወንዙ ማዶ፣ ስለ ቀርከሃው፣ ከሩቅ ስላዩት ጭስ ተናገረች። ዳኛይቱ ደጋግመው መረመሯት፤ ቃሏ አልተዛነፈም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አያልሰው ነጻ ወጣ።

ልጁን አቅፎ ጥቂት ቆየና ወደ በርጩማው ሄዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል አባ ወንድይራድ በክርናቸው አገዱት።

«ምስጋናው ተመዝግቧል» አሉት። «አሁን ዘወር በልልኝ፤ ባለጉዳይ ቆሟል።»

በገደሉ የሞሉትን መዝገብ ገለጡና በሙሉ ድምፃቸው «ዘለቀች፣ ከላይ ዋርሳ!» ብለው ተጣሩ።

ከአደባባዩ ጥግ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አቤት!» አሉ።