የተቆረጠው ሽቦ

ሚጢጢ እንቅልፍ ያጣችው አዲሱ ደንብ የወጣ ሰሞን ነው።

«ከእንግዲህ ለሁሉም ስልክ፣ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት ቻርጀር ብቻ!» አለ መንግሥት። ሐሳቡስ ደግ ነበር፤ ሰው ለየዕቃው የተለየ ገመድ እያንጠለጠለ ከመዞር ያርፋል፣ ቆሻሻውም ይቀንሳል። ግን የድሮውን ቻርጀር ሲሸጥ የተገኘ ሱቁ ይታሸጋል ተባለ። ጎረቤቷ ሰዓት ሻጩ ደንበኛ መስሎ ለመጣ ሰው አንዲት ገመድ አውጥቶ ቢሰጥ፣ በማግስቱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈበት። የለጠፈውን ተቆጣጣሪ ሚጢጢ በመስኮት አይታዋለች። ረጅም፣ ጠይም፣ የሰው ዓይን የማያይ ሰው ነው።

ሚጢጢ ሰፈሩ ቁመቷን አይቶ ያወጣላት ስም ነው እንጂ እጇስ ጉድ ነው፤ የሞተ ስልክ ታስነሳለች። ከታላቅ ወንድሟ ጋር የምትኖረው አባታቸው ትተውላቸው በሄዱት ጠባብ መጠገኛ ሱቅ ነው። አንድ የድሮ ቻርጀር ቀርቷት ነበር፤ ለመጣል ሆዷ እምቢ ብሎ ባዶ የሬዲዮ ቀፎ ውስጥ ደብቃዋለች።

ታዲያ አንድ ጠዋት ቀና ስትል ያ ተቆጣጣሪ ባንኮኒው ፊት ቆሟል። ቆሌዋ ተገፈፈ።

«የድሮው ቻርጀር ይኖርሻል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የለም! ኧረ እኛ ዘንድ የለም!»

ከኪሱ በመሀረብ የተጠቀለለች ትንሽ ሣጥን አወጣ። «የእናቴ የጆሮ መስሚያ የሚሞላው በዚህ ነው። ሣጥኑ የድሮውን እንጂ አዲሱን አይቀበልም፤ ከተከፈተም ይበላሻል። ቻርጀሯ ተቃጥሎ ይኸው ምንም አትሰማም።»

«ከየሱቁ የሰበሰባችሁትስ?» አመለጣት።

«ጨፈለቅነው። እኔው ነኝ የጨፈለቅኩት።»

ከዚያ በኋላ ይመላለስ ጀመር። ቻርጀር አይጠይቅም። ስትጠግን ባትሪ እያበራላት ስለ እናቱ ጥቂት አውርቶ፣ ብዙ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሚጢጢ ኮቴውን ስትሰማ ልቧ ድው ድው ይላል፤ በፍርሃት ይሁን በሌላ ነገር እሷም አልለየችውም። ሲቀር ደግሞ መንገድ መንገዱን ታያለች። ከሁሉ ያስፈራት ይኼኛው ነው።

«አንቺ ልጅ፣» አላት ወንድሟ፣ «ሰውዬው እያለማመደሽ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል አልሰማሽም? የአባታችንን ሱቅ በገዛ እጅሽ እንዳታሳሽጊው!»

«እናቱ እኮ አትሰማም፣ ወንድም ጋሼ።»

«እናት የሌለው ተቆጣጣሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ይኼ ነገር ሲከነክናት ዋለ። በመጨረሻ ቻርጀሩን ከተደበቀበት አወጣችና ገመዱን ሰንጥቃ፣ የውስጡን ሽቦ ቆርጣ፣ መልሳ ደፈነችው። ወጥመድ ከሆነ «የማይሠራ ቁርጥራጭ ነው» ትላለች። ወጥመድ ካልሆነስ? እሱን ልታስበው አልፈለገችም።

«በነፃ ይውሰዱት» አለችው ሲመጣ፣ ፊቱን ሳታይ።

በሁለት እጁ ተቀበላት። በመሀረቡ ጠቅልሎ ወጣ።

በማግስቱ ሚጢጢ በሩ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ስትጠብቅ፣ እሱ ብቻውን በዝናብ በስብሶ መጣ።

«መሰካት አላወቅኩበት ይሆናል» አለ እያፈረ። «እማዬ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። መብራቱ እምቢ አለ። ‹ቆይ፣ ቀስ ብሎ ይሆናል› እያለች ምሳዋን እንኳ ሳትበላ ዋለች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ቤትህ የት ነው?» አለችው። እርስዎ ማለቱን ረስታው ነበር።

ወንድሟ እየጮኸባት መበየጃዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ያስተዋላት ሰው ሁሉ ተቆጣጣሪ መሰላት። ቤት ሲደርሱ እናቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሣጥኑ አሁንም ጭናቸው ላይ ነው።

መበየጃው እስኪግል ጠብቃ ገመዱን ሰነጠቀች።

«ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል። «ልታሳሽገኝ የመጣህ መስሎኝ።»

ባትሪውን አውጥቶ ገመዱ ላይ አበራላት።

«እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እቆርጠው ነበር» አለ። «ነገ እማዬን ይዤ አለቃዬ ዘንድ እገባለሁ። ደንቡ እንዲህ ያለውን ዕቃ ይለፈው እላለሁ። እምቢ ካሉ እኔን ያባርሩኝ፤ ያንቺ ስም ግን ከአፌ አይወጣም።»

«ቢደርሱበትስ?»

«እሱን እኔም እፈራለሁ።»

ሽቦውን በየደችው። ሲሰኩት የሣጥኑ መብራት ቦግ አለ። እስኪሞላ ሦስቱም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ። እናቱ መስሚያውን ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉት ዘለው ተነሡ።

«ምንድን ነው የሚንጫጫው?»

«ዝናቡ ነው፣ እማዬ።»

«እሰይ! አንተስ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ? ድምፅህ ይንቀጠቀጣል።» ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «በል፣ ያንን በየቀኑ የምትነግረኝን አሁን ድገመው።»

«የቱን?»

«ስለ ልጅቷ ነዋ! አትሰማም ብለህ ፊቴ ተቀምጠህ ስትዘከዝክ፣ ከንፈርህን የማላነብ መስሎህ ነው? ዓይኔ ጠግቧል፤ አሁን ጆሮዬ ይስማው።»

ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚጢጢን ዓይን ለዓይን አያት።

«እወዳታለሁ ነው ያልኩት» አለ። «ግን ትፈራኛለች፤ እሺ አትለኝም ብዬ...»

«አሁንም እፈራሃለሁ» አለች ሚጢጢ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር።

«እንዴት ያለህ ሞኝ ነህ!» አሉት እናቱ። «እየፈራች ከመጣች ሌላ ምን መልስ ትፈልጋለህ?»