የደብረ ሶልያ ቅስት

ፀሐይ በአውራን ምድር ላይ ሁለት ጥላ በጣለችበት ማለዳ፣ የደብረ ሶልያ ታላቅ ቅስት ሁለቱን ጎን አያይዞ የሚይዘውን የመካከል ድንጋይ ተነጥቆ ተገኘ።

ደብረ ሶልያ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የደጋው ዛሞችና የቆላው ሬማዎች ሲዋጉ ያቃጠሉት ቤተ ክርስቲያን ነው። በኋላ ሁለቱ ነገዶች አፈሩ፤ ሳይወድቅ በቀረው ቅስት ሥርም ቆመው፣ «ይህ እስከ ቆመ ድረስ ጦር አንማዘዝም። ልጆቻችን ጥፋታችንን እንዲያዩ ፍርስራሹን አናፈርስም፣ አናድስም» ብለው ማሉ።

የፍርስራሹ ጠባቂ ምንታምር የምትባል የሃያ ዓመት ድንጋይ ጠራቢ፣ የዛም ልጅ ነበረች። ቅስቱን በግንድ አስደግፋ ግንቡን ብትመረምር የጥፍር ጭረት አየች። የዘርጋፍ ነበር፤ ቆዳው ዓለት የሆነ፣ መሐላ የተፈጸመበትን ድንጋይ ታቅፎ በተኛ ቁጥር የሚገዝፍ ዘንዶ።

ወሬው ቆላ ሲደርስ ጋርዳ የተባለ የሬማ ጦረኛ መጣ።

«እህቴ ምንታምር፣ መሐላው የእናንተ ብቻ አይደለም» አላት። «ድንጋዩን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ ጋሻ ይካደኝ።»

«እንግዲያው ስንቅህን ያዝ። ግንዶቹ ከሰባት ቀን በላይ አይችሉም።»

ሦስት ቀን ተጉዘው ከቃርማ ገደል ደረሱ። ዘርጋፍ በቀትር ሐሩር ተኝቷል። ምንታምር በደረቷ ተስባ ጀርባው ላይ ወጣች፤ የምትጠርበውን ድንጋይ እንደምትፈትን ሁሉ ዓለቱን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አደረገችው። ጤነኛ ድንጋይ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። አውሬው አንድ ጊዜ ሲነቃነቅ ዓለቱን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። ከግራ ትከሻው ሥር ድምፁ ታፈነ። በጣቷ አመለከተች። ጋርዳ ጦሩን እስከ እጀታው ሰደደው፤ ያ ግዙፍ አካልም ተፈረካክሶ የጠጠር ክምር ሆነ።

ድንጋዩን ከጠጠሩ ውስጥ አውጥተው በቃሬዛ ተሸክመው በሰባተኛው ቀን ሲደርሱ ግንዶቹ ጎብጠዋል። ምንታምር ወዲያው ቅስቱ ላይ ወጣች፤ አብረዋት ፍርስራሹን የሚጠብቁት ሰዎች ድንጋዩን በገመድ ሳቡላት። ገና ስታስተካክለው አንዱ ግንድ ተሰበረ። ጋርዳ ከሥሩ ገብቶ ሸክሙን በትከሻው ተቀበለ።

«ጋርዳ፣ ውጣ። ይውደቅ ተወው» አለችው።

«ሥራሽን ጨርሺ።»

ድንጋዩን በመዶሻ መታች፤ ደግማ መታች። ድንጋዩ ቦታውን ያዘ፤ ቅስቱም ራሱን ቻለ። ወርዳ ስታቅፈው ግን የጋርዳ ልብ ቆሟል።

በማግስቱ ሬማዎች፣ «ልጃችን በዛሞች እጅ ጠፋ» ብለው ጦር ይዘው መጡ። ዛሞችም ወጥተው ጠበቋቸው። በመካከላቸው የጋርዳ እናት ሐመልማል አለፈች፤ ከቅስቱ ሥር ከተጋደመው የልጇ አስከሬን ላይ ሸማውን ገልጣ ትከሻውን ለሁሉም አሳየች።

«ይህ የሸክም ሰንበር ነው፤ ጦር አልወጋውም» አለች። ወደ ምንታምር ጠቁማም፣ «ልጄ ከዚህች ልጅ ጋር ሲሠራ ሞተ። ዛሬ ተዋጊ አልፈልግም፤ መቃብር የሚቆፍርልኝ እፈልጋለሁ።»

አንድ ሽማግሌ ሬማ ጦሩን ከግንቡ አስደገፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ምንታምር ዶማ አምጥታ አፈሩን መቆፈር ጀመረች። ሲደክማት ሽማግሌው ተቀበላት፤ እሱን ደግሞ አንድ ዛም ተቀበለው፤ መቃብሩም እንዲህ እየተቀባበሉ ተቆፈረ።