ከዜሮ በፊት ያለችው ምት

የመጀመሪያዋ ምት አሁንም የለችም። መክሊት ዘፈኑን ለሰባተኛ ጊዜ ከመነሻው ለቀቀችው፤ ከበሮው ከሁለተኛው ምት ጀመረ።

«ኮምፒውተሩ በላት» አለች፣ በእግሯ ወለሉን እየደበደበች።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል። ነገ የወላጆች ቀን ነው፤ ክፍላቸው የዘፈነው ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ከበሮው የመክሊት ድርሻ ነው። የመቱላት ጎረቤቷ እትዬ ሥራነሽ ናቸው፤ እሳቸው ከበሮ ካላነሱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ቢያንስ በእነ መክሊት ሰፈር፣ ሰርግ ተደገሰ አይባልም። በስልክ ስትቀዳቸው ግን የጓሮው አውራ ዶሮ ሳይጋበዝ አብሮ ዘፈነ። ቢቆርጡት ቢቀጥሉት አልወጣ አለ። ስለዚህ ምቶቹን አንድ በአንድ እየሰማች ኮምፒውተሩ ላይ፣ ጊዜውን እኩል በሚከፍሉት መስመሮች ላይ ደረደረቻቸው።

ያኔ ነው ጉዱ የታወቀው። የእትዬ ሥራነሽ ከበሮ ከመስመሩ ጥቂት ይቀድማል፤ ሁልጊዜ። መክሊትም ሁሉንም ምቶች «ኔጌቲቭ ሃያ» ብላ በሃያ ሚሊሰከንድ አስቀደመቻቸው። ሁሉም እሺ ብለው ቀደሙ። የመጀመሪያዋ ግን የቆመችው መነሻው፣ ዜሮ ላይ ነበር፤ ከዜሮ በፊት ደግሞ ቦታ የለም። ኮምፒውተሩ አልተቆጣም፣ አላስጠነቀቀም፤ ዝም ብሎ ዋጣት።

«አታካብጂ» አለ የክፍሏ ልጅ የሽዋስ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ። ከዘፈኑ ጋር የሚታዩትን ፎቶዎች የደረደረው እሱ ነው። «ሃያውን አጥፊና ሁሉንም መስመሩ ላይ መልሺያቸው። ለቲቸር አልቋል ብያቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

መክሊት እየተነጫነጨች መለሰቻቸው። የመጀመሪያዋ ምት ተገኘች። ከበሮው ግን የወፍጮ ቤት ሞተር መሰለ።

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለ።

«እትዬ ሥራነሽ። ነገ ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጡት። ስልክህን ስጠኝ።»

ስልክ ትምህርት ቤት ውስጥ ክልክል ነው፤ የሽዋስ ግን ካልሲው ውስጥ ይይዛል። አፍንጫዋን ይዛ ደወለችና አሰማቻቸው።

እትዬ ሥራነሽ ዘፈኑን አቋረጡት። «ማን ናት ይችን የምትመታ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንዲህ ከመታሁማ ሙሽራዋንም እንቅልፍ ይወስዳታል። ከበሮ ከጭብጨባው ቀደም ካላለ ማን ይከተለዋል፣ ልጄ?»

«ሳስቀድመው የመጀመሪያዋ ትጠፋለች። ማሽኑ ከመነሻው በፊት ቦታ የለውም።»

«ታዲያ ገና ከበር ሳትገቢ ለምን ትመችዋለሽ? እኔ ከበሮየን አንገቴ ላይ አንጠልጥየ፣ ሰው ዝም እስኪል ቆሜ ነው የምጀምር።»

መክሊት ስልኩን መለሰችና ማያውን አየችው። ከዜሮ በፊት ቦታ የለም። ከዜሮ በኋላ ግን ሞልቷል። ሁሉንም፣ ከበሮውንም ዘፈኑንም፣ በአራት ምት ወደ ውስጥ ብትገፋው…

የሽዋስ ገባው። «እንዳታስቢው! ፎቶዎቹ በሙሉ ይዛነፋሉ። አርባ ሦስት ናቸው እኮ።»

በሩ ተከፈተ። መምህር ጌቱ ፍላሽ ይዘው ገቡ። የሽዋስ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰወረ።

«አልቋል የተባለውን ልውሰድ» አሉ።

የተስተካከለው፣ የወፍጮ ቤቱ፣ ማያው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። የሽዋስ በዓይኑ ለመናት።

«አላለቀም፣ ቲቸር» አለች መክሊት። «እስከ አስር ሰዓት ይታገሱን።»

መምህሩ የሽዋስን አዩት፤ የሽዋስ ቆሎውን አየ። «አስር ሰዓት» ብለው ወጡ።

«ጉድ ሠራሽኝ» አለ።

«ፎቶዎቹን አብሬህ እደረድራለሁ።»

ሁሉንም መርጣ ገፋችው። ከፊት የአራት ምት ባዶ ቦታ ተከፈተ። ኔጌቲቭ ሃያውን መለሰችና ለቀቀችው። ምንም አልተሰማም።

«ይኸው፣ ጭራሽ ዝም አለ» አለ የሽዋስ።

«ቆይ» አለችው። እግሯ ወለሉን መደብደብ አቁሟል። «ሰዉ ዝም ይበል።»