የተሳቢው ሌላኛው ጫፍ

ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ጠጥተህ ነበር?» ብዬ ነው። እናቴ የአንኮበር ሰው ስለነበረች፣ ጉም ውስጥ ስም እየጠራ ሰውን ወደ ገደል ስለሚወስደው ነገር ትተርክልን ነበር፣ ታዲያ እህቶቼ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲንቀጠቀጡ እኔ ጭራሽ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም ያው ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ለማመን አትቸኩሉ፣ እኔም አልቸኮልኩም፣ ግን እጄ የያዘውን እጄ ያውቃል።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ እኔና ባለቤቴ ጌታሁን፣ ልጅ አልወለድንም፣ ሰፊ ግቢ ግን አለን፣ ጥግ ላይ ባለችው አንድ ክፍል ደግሞ ሙና ትኖራለች። ሙና ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ ውስጥ የከረመች፣ እኛ ጋ ከገባች ጀምሮ ግቢውን በሣቅ የሞላች ልጅ ናት፣ ተከራይ የምንላት ለወጉ ነው እንጂ እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት። የምትተዳደረው ድርጭት በማርባት ነው። አዎ፣ ድርጭት፣ ያቺ እፍኝ የማትሞላ ወፍ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ «ዶሮ ምን አደረገችሽ?» ብዬ ስቄባታለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ተራ የዶሮ ቤት ውስጥ አስገባናቸው፣ ለካ ድርጭት ስትደነግጥ እንደ ዶሮ አትሮጥም፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትዘለው፣ የግንቦት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጊዜ እየዘለሉ ጭንቅላታቸውን እየመቱ ግማሾቹ አለቁ፣ የተረፉትን ደግሞ ሸለምጥማጥ ከሥር በነበረች ክፍተት ገብቶ ጨረሳቸው። ሙና ላባውን ስትለቅም ቆየችና «እትዬ ጽጌ፣ ኢንሻአላህ አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ፣ እነዚያም ካለቁ ወደ መጠለያው እመለሳለሁ፣ የሰው ቤት በነጻ አልቀመጥም» አለችኝ። እኔ በነጻ ብትቀመጥ ደስታዬ ነበር፣ ግን ያለችውን የምታደርግ ልጅ መሆኗን ስለማውቅ፣ ለሁለተኛዎቹ ድርጭቶች ከእሷ ይልቅ አጥብቄ የጸለይኩት እኔ ነኝ።

ጌታሁን በያጅ ነው፣ ያውም «እኔ የበየድኩትን የሚለየው መላከ ሞት ብቻ ነው» የሚል በያጅ፣ የልጅቷ ነገር አንጀቱን በልቶት ኖሮ ሱቁን ዘግቶ አዲስ ቤት ሠራላት። ጣራው ዝቅ ያለ ነው፣ ቢዘሉ እንዳይጎዱ ከውስጥ በጆንያና በገለባ ተሸፍኗል፣ ሽቦው አይጥ እንኳ የማያሾልክ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ወለል የለውም፣ በየቀኑ አዲስ ሣር ላይ እየተዛወረ ነው የሚቀመጠው፣ ሸለምጥማጥ ቆፍሮ እንዳይገባ ደግሞ ዙሪያውን መሬት ላይ የሚተኛ የሽቦ ቀሚስ አለው፣ ቀሚሱ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ጌታሁን ስሙን «ተሳቢው» አለው። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረበት፣ ሰውዬው ብረት አይሰስትም፣ እንደ ቃሬዛ ከፊትና ከኋላ በሁለት ሰው ካልተያዘ ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ ማታ ማታ ከሙና ጋር እናዛውረዋለን፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ከማንሳታችን በፊት ሙና ብረቱን በቁልፏ ጠቅ ጠቅ ታደርግና ትንሽ ትጠብቃለች፣ ድርጭቶቹ ድምፁን ለምደውት ከጠርዙ ፈቀቅ ይላሉ፣ ያለዚያ እግራቸው ብረት ሥር ይገባል፣ ከዚያ «ቢስሚላህ» ትላለች፣ እኔ «በስመ አብ» እላለሁ፣ ሁለታችንም ስቀን እናነሳለን።

የቡሄ ዋዜማ ዕለት ጌታሁን ወንድሙ ጋ አንኮበር ሄዷል፣ ሙና ደግሞ አክስቷን ልትጠይቅ መጠለያው ሄዳለች፣ «ሳይመሽ መጥቼ እናዛውረዋለን» ብላኛለች። ጌታሁን ከአንኮበር ደውሎ «ዛሬ ነፋስ አለ፣ ከካቡ ሥር አድርጉት» ብሎ አዘዘ፣ ካቡ እኛንና ጎረቤትን የሚለይ ከቁመቴ በላይ የሆነ የድንጋይ አጥር ነው፣ ሥሩ ያለው ሣር ደግሞ የግቢያችን ምርጥ ነው፣ እኔም ልክ ነው አልኩ። ሙልሙሉን አቡክቼ፣ ከውጭ የልጆቹ ጅራፍ ሲጮህ እየሰማሁ፣ ጆንያው ባይኖር ዛሬ ድርጭት አይተርፍም ነበር እያልኩ ጌታሁንን በሆዴ አመሰገንኩት፣ በአፌ አላደርገውም፣ ያብጥብኛል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጉሙ መጣ። የደብረ ብርሃንን የነሐሴ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ጣቶቼ ጠፉብኝ ሲል ያስብ። ጅራፉም ጸጥ አለ፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ገቡ መሰለኝ። የሙና ነገር አሳሰበኝ፣ ዝናብ ሊጥል ነው፣ ወፎቹ ደግሞ ሲረግጡት የዋሉት ቦታ ጭቃ ሆኗል፣ ቢያንስ ድንጋዮቹን ላንሳላት ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ድንጋዮቹን ከቀሚሱ ላይ አንስቼ ወደ ጎን ወረወርኩ፣ ዞሬ የፊቱን እጀታ ያዝኩና እስቲ ልሞክረው ብዬ ሳብ አደረግኩት፣ ወይ ፍንክች።

ያን ጊዜ ነው ከወዲያኛው ጫፍ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያለው።

«መጣሽ እንዴ ሙንዬ?» አልኩ፣ ደስ ብሎኛል። ድርጭቶቹ ፈቀቅ ፈቀቅ ሲሉ እግራቸው ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማኛል፣ ከዚያ የኋላው ጫፍ ተነሳ። ክብደቱ ከእጄ ላይ ሲቀል አወቅኩት፣ እመኑኝ፣ ሁለት ሰው የያዘውን ነገር አንድ ሰው ከያዘው የማይለይ እጅ የለኝም። «በስመ አብ» ብዬ አነሳሁ፣ እንሂድ ወደ ካቡ ብዬ ልራመድ ስል ወዲያኛው ጫፍ ወደ ሌላ ወሰደኝ፣ ወደ ማድ ቤቱ፣ ወደ ዳገቱ።

«ኧረ ልጄ፣ እዚያ ምን ሣር አለ? ጌታሁን ከካቡ ሥር ብሏል» አልኳት። አልሰማችኝም፣ እኔም ጉሙ ውስጥ ቆሜ ከምጨቃጨቅ ብዬ ተከተልኩ፣ ሁልጊዜ ከፊት የምመራው እኔ፣ ያን ቀን ወደ ኋላ እየተራመድኩ ተመራሁ። በመንገዳችን ሁሉ አፌን አላቆምኩም፣ ስለ ሙልሙሉ፣ ስለ ጌታሁን፣ ደግሞም ያለ ወትሮዬ፣ ፊቷን ስለማላየው ይሆናል፣ «ሙንዬ፣ እነዚህ ወፎች ቢሞቱም ባይሞቱም እንዳትሄጂብኝ፣ ቤቱ ያላንቺ ባዶ ነው» አልኩ። ያኔ ወዲያኛው ጫፍ ቆም አለ። ትንሽ ቆየና እንደገና ተራመደ።

ማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ስንደርስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ድንጋይ ቀሚሱ ላይ ሲጫን ሰማሁ፣ አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው፣ ሳይወረወር፣ በዝግታ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚገርመኝ ድርጭቶቹ ናቸው፣ እንግዳ ሰው ሲጠጋቸው ጣራ የሚነኩት ወፎች አንዷ እንኳ አልዘለለችም። «ልብስሽ ረጥቧል፣ ግቢና ሻይ ጠጪ» ብያት ገባሁ፣ ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ፣ ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም፣ በሩን ከፍቼ ልጠራት ስል ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ ጽጌ፣ ወላሂ ባጃጅ አጣሁ፣ በዚህ ጉም የሚንቀሳቀስ የለም፣ አክስቴ ጋ ማደሬ ነው። ወፎቹን እንዴት ላድርጋቸው?»

ሁለቱን ብርጭቆ አየኋቸው፣ አንዱ አልተነካም። «አዛውረናቸዋል» አልኳት፣ አፌ ያመጣልኝ ያንን ነው። «ከማን ጋር?» አለች። «ነገ ስትመጪ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁና በሩን ቀረቀርኩ፣ ሻዩን ግን ሁለቱንም እኔው ጠጣሁት፣ ፍርሃት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ይባክናል ብዬ ነው።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ፣ በመሀል ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ተናደ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ እኔ ግን አልወጣሁም። ሲነጋ ካቡ የለም። ከዳር እስከ ዳር ወደ እኛ ግቢ ተደፍቶ ያንን ምርጥ ሣር ቀብሮታል፣ ተሳቢው እዚያ ቢሆን ኖሮ የጌታሁን ብረትም አያድነውም ነበር። እየሮጥኩ ወደ ማድ ቤቱ ስሄድ ድርጭቶቹ ከክፈፉ ሥር ደረቅ መሬት ላይ ሆነው ያፏጫሉ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዝንጉርጉር እንቁላል፣ የመጀመሪያዋ፣ ገና እንደሞቀች። በቡሄ ጠዋት አንዲት እንቁላል ይዤ ብቻዬን እልል አልኩ፣ ጎረቤት ምን እንዳለኝ አላውቅም።

ቀጥሎ ነው ድንጋዮቹን ያየሁት። እኔ የወረወርኳቸው ድንጋዮች እዚያው ሜዳው ላይ ናቸው። ቀሚሱ ላይ የተጫኑት ሌሎች ነበሩ፣ የድንጋይ ሽበት ያበቀሉ፣ አረንጓዴ ድንጋዮች፣ የካቡ ድንጋዮች።

ጌታሁን ሲመለስ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ደረቱን ነፋ። «አየሽ፣ ብቻሽን ነው ያዛወርሽው፣ ተሳቢው ቀላል ነው ስልሽ አታምኚም ነበር» አለ። «እስቲ አንተ ብቻህን አንሳው» አልኩት። አጎንብሶ ሳበ፣ ፊቱ ቀላ፣ ወገቡን ይዞ ቀና አለ፣ እስከ ማግስቱ በቅባት ሳሽለት አደርኩ። ድንጋዮቹን ሳሳየው ግን ሣቁ ቆመ። «ከካቡ ሥር ነቅሎ ከሆነ የወሰዳቸው፣» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ካቡን የናደውስ ማን ነው?» ይሄንን ጥያቄ እስከ ዛሬ ባልጠየቀኝ እላለሁ።

የፈራሁት ግን ሙናን ነበር። ጂን ያለበት ግቢ ብላ እቃዋን ብትሸክፍስ? ልደብቃት አስቤ ነበር፣ ግን ገና በሩ ላይ «ከማን ጋር አዛወርሽው?» ስላለችኝ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሦስት ጊዜ ጠቅ እንዳለም ጨምሬ።

«እኔ ሁለቴ ነው የምመታው» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት፣ ያወቅኩት ግን ያኔ ስትለኝ ነው።

የወደቀውን ካብ አየች፣ ወፎቿን አየች፣ እንቁላሏን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየች። «ቢስሚላህ ብሎ ነበር ሲያነሳ?» አለችኝ። አልሰማሁም አልኳት፣ መዋሸት አልሆነልኝም። ከዚያ ሣቋ መጣ፣ «እንግዲያው እኔ እልለታለሁ፣» አለች፣ «እንደሱ ዓይነት ሠራተኛ ጥሎ ማን ይሄዳል?» እኔም አቅፌያት አለቀስኩ፣ በደስታ፣ ለምን እደብቃለሁ።

ሙና ይኸው አለች፣ ድርጭቶቹ ተራብተው ጌታሁን ሁለተኛ ተሳቢ እየሠራ ነው፣ ነገሩንም እየሳቅንበት ልንረሳው ምንም አልቀረን። በዚህ ሰሞን ግን የአሮጌው ተሳቢ የኋላ እጀታ ተሰበረ፣ መላከ ሞት ብቻ ይለየዋል የተባለው ብየዳ። እስኪጠገን ሁለታችንም ከፊት ይዘን ልንጎትተው ተስማማን፣ ኋላው መሬቱን እየፋቀ ቢከተልም ምን ይደረጋል ብለን። ምሽት ላይ ጉም ነበር። ሙና ጠቅ ጠቅ አደረገች፣ ቢስሚላህ አለች፣ በስመ አብ አልኩ፣ አነሳን። የሚፋቅ ነገር አልሰማንም። እኔና ሙና ተያየን፣ ማናችንም ወደ ኋላ አልዞርንም፣ አዲሱ ሣር ድረስ ሄድን። የእኛን ጫፍ አስቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ወዲያኛውም ተቀመጠ።

ጌታሁን እጀታውን ልበይድ ባለ ቁጥር «ቆይ፣ አያስቸኩልም» እያልነው ነው።