ያልቆመው ኮቴ

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከተዘጋው የአለቃው ቢሮ በር ወዲያ ኮቴ ይሰማል፤ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል።

ድምፅ ቀጂው ወዲያው ለየው፤ የገዛ ጫማው ነው። ለሚሠሩት የቪዲዮ ጨዋታ ዘበኛ እዚሁ ኮሪደር ላይ እየተንጎራደደ የቀዳው እሱ ነበር። በሩን ሲከፍት ግን የሚራመድ ሰው የለም። አለቃው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ የቻርጀር ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። አጠገቡ የእጅ መጫወቻው በርቷል፤ ስክሪኑ ላይ ሌባው ቁም ሣጥን ውስጥ ተሸጉጧል፤ ዘበኛው ደጁ ላይ ይመላለሳል።

መርማሪዋ ስትደርስ ቀድመው የመጡት ፖሊሶች ድምፅ ቀጂውን በካቴና አስረውት ነበር።

«እኔ ከምሳ በኋላ ወጥቻለሁ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ፕሮግራመሩ። «ጋሼ ሲጫወት ነው የተውኩት።»

«ከግድግዳው ወዲህ ስስል ዋልኩ» አለች የጨዋታው ሠዓሊ፣ የሟቹ ሚስት። «ኮቴው አልቆመም። ይሄ ሰውዬ እስኪገባ ድረስ ባሌ በሕይወት ነበር።»

«አንተስ?»

«ማዳመጫ አድርጌ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም» አለ ድምፅ ቀጂው። «ጆሮ ነው እንጀራዬ፣ ዛሬ ጉድ አደረገኝ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። «ስለ ጨዋታው ንገረኝ።»

«ከትልቁ ኮምፒውተር ወደዚህች ዕቃ ያመጣነው ነው። ችግሩ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ትንሽ ከቆዩ ስታክ ያደርጋል፤ ሁሉም ነገር ባለበት ደርቆ ይቀራል። የገዛው ሁሉ እየረገመን ነው።»

የድምፅ ቀጂውን መጫወቻ አስመጥታ፣ ሌባውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ከሟቹ መጫወቻ ጎን አስቀመጠችው። ሁሉም ከበው ጠበቁ። ብዙም ሳይቆይ የእሱ ዘበኛ እግሩን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። የሟቹ ግን ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ይህን ችግር የሚያርመው አፕዴት ወጥቷል እንዴ?» አለች መርማሪዋ።

«ገና ነው» አለ ወንድምየው። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው ያለው።»

«ለወንድምህ ሰጥተኸው ይሆናላ።»

«ለጋሼ? ስሜን ጨዋታው ላይ ካልጻፈ አልሰጥም ብዬዋለሁ!»

ተናግሮ ሳይጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አልሰጠኸውም፤ ግን እሱ መጫወቻ ላይ አለ» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ካነቅኸው በኋላ የሰማ ሁሉ 'በሕይወት አለ' እንዲል ኮቴው መቀጠል ነበረበት። ያልታረመው ጨዋታ ደግሞ ይቆምብሃል። ስለዚህ ያንተን አፕዴት ጫንክበትና ወጣህ።»

«አንዲት መስመር ነው የለመንኩት» አለ። «ስሜን ብቻ።»

ካቴናው ከድምፅ ቀጂው እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። መርማሪዋ ወደ ሠዓሊዋ ዞረች።

«እርስዎ ግን ኮቴው ሁልጊዜ እንደሚቆም ያውቃሉ። ዛሬ ሳይቆም ሲውል፣ አንዴ እንኳ በሩን አላንኳኩም? ወይስ የሆነውን ያውቁ ነበር?»

ሠዓሊዋ የባሏን ወንድም ፊት አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ድምፅ ቀጂው ካቴናው የላጠውን የእጅ አንጓውን እያሸ አዳመጠ። ኮቴዋ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ፤ አንዴም አልቆመም።